የጉምሩክ ሹሙ በቅሎ

በአቶ ቢንያም ዘረሰናይ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ ሰው በቅሎ ላይ ከተቀመጠ ሰባ ዓመት ሆነው። ነጭ ባርኔጣ አድርጓል። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ፊቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ነው፤ ገና ሰላም ሳትለው «ነገ ተመለስ» የሚል ዓይነት። በቅሎዋ ግን አትታይም። ከሰውዬው ወገብ በታች ያለውን ሁሉ የፍሬሙ አረንጓዴ ካርቶን ሸፍኖታል።

አትታይ እንጂ ቤቱ ውስጥ የማያውቃት የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አቶ ቢንያም ሻዩ እስኪቀርብ እንኳ አይታገሱም። «አባቴ ናቸው። የጋምቤላ ወደብ የጉምሩክ ሹም ነበሩ። በበቅሏቸው ሆነው መርከብ ሲቀበሉ የተነሱት ነው» ይላሉ። እንግዳው ጨዋ ከሆነ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ጠያቂ ቢጤ ከሆነ ደግሞ የበቅሎዋ መልክ ዳማ እንደነበረ፣ ከጎሬ ተገዝታ እንደመጣች፣ ከሹሙ በቀር ማንንም ጀርባዋ ላይ እንደማታስወጣ ይነገረዋል።

ፌበን ያደገችው በዚህች በቅሎ ሥር ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጉርድ ሾላ አንድ ፎቅ ላይ ትንሽ የዲዛይንና የኅትመት ቤት አላት፤ ለሰርግም፣ ለለቅሶም፣ ለምርቃትም ባነር ትሠራለች። ልጅ ሆና አንድ ጊዜ «በቅሎዋ ለምን ጆሮ የላትም?» ብላ ጠይቃ ነበር። አባቷ «ጎንበስ ብላ ነው» አሏት። መልሱ በቅቷት ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ አልጠየቀችም።

ጋምቤላ ወደብ ነበረች ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ የሚያምን ሰው ማግኘት ይከብዳል። «ባሕሩ የት አለና?» ይላል ሰው። ባሕር የለም፤ ያለው ባሮ ነው። ክረምት ሲገባ ባሮ ይሞላል፤ ሲሞላ ከካርቱም ጭሱን እያትጎለጎለ የሚመጣ መርከብ ከተማዋ ድረስ ይዘልቃል። ጨውና ጨርቁን ያራግፋል፣ ከደጋ በሰው ትከሻና በከብት ጀርባ የወረደውን ቡና ይጭናል፣ ከዚያ ውሃው ሳይጎድልበት እየተጣደፈ ይመለሳል። የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ እስከሚቀጥለው ክረምት እዚያው ይከርማል። ስምንት ወር የምታንቀላፋ፣ አራት ወር እንቅልፍ የማታውቅ ከተማ ነበረች።

ያቺ ከተማ ወደብነቷ ከቀረ ዘመን ቢቆጠርም፣ ጉርድ ሾላ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ናት። ክፍሉን የተከራየው «የባሮ ወደብ ልጆች የቅርስ ማኅበር» ይባላል። አርባ አንድ አባላት አሉት፤ ከነዚህ አሥራ ሦስቱ ሥራ አስፈጻሚ ናቸው። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ አባይነሽ፣ እዚያው ወደቡ ዳር የተወለዱ የሰማንያ ሦስት ዓመት እመቤት ናቸው። ምክትሉ አቶ ቢንያም ናቸው። ስብሰባ ሲኖር፣ ማንም ማንንም «እዚህ ተቀመጥ» ሳይለው፣ የሹሞችና የጸሐፊዎች ልጆች ከፊት ይቀመጣሉ፤ የመጋዘን ጠባቂዎቹ ከመሐል፤ የተሸካሚዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በሩ አጠገብ። የመጨረሻው መርከብ ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ ሰልፉ ግን አልፈረሰም።

በሩ አጠገብ ከሚቀመጡት አንዱ ሕዝቅኤል ዋቅቶላ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የተማረው የመዛግብት አያያዝ ስለሆነ የማኅበሩን ወረቀት ሁሉ የሚያደራጀው እሱ ነው። ሲናገር ቁጥብ ነው፤ ሲጽፍ ደግሞ ደብዳቤ እንጂ ሌላ ነገር መጻፍ አያውቅም። የዛሬ አሥራ አራት ወር ለፌበን የላከላት የመጀመሪያው የስልክ መልእክት «በ11፡30 ሰዓት አብረሽኝ ሻይ ለመጠጣት ፈቃደኛ መሆንሽ ይገለጽልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚል ነበር። ፌበን ሳቀች። «ተፈቅዷል» ብላ መለሰችለት። በዚያው ቀረ፤ ሁለቱም ከዚያ ሻይ እስከ ዛሬ አልተነሱም።

ነገር ግን እሱ የአባቷን ደጅ አልረገጠም፤ እሷም እናቱን አታውቅም። ቤቱ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ እንደሆነ ብቻ ነግሯታል። አቶ ቢንያም «ያ የተሸካሚው ልጅ» ነው የሚሉት። በክፋት አይደለም፤ ከመዝገብ ላይ እንደሚያነቡ ሁሉ ነው። ፌበን በሰማችው ቁጥር ልትናገር ትልና ትውጠዋለች። ማኅበሩ ለሰኔ የፎቶ ኤግዚቢሽን ሲያስብ፣ ለሁለቱም ሰበብ ተገኘ። «ከኤግዚቢሽኑ በኋላ እንነግራቸዋለን» ይባባሉ ጀመር፤ ባሉ ቁጥርም አንዳቸው የሌላውን ዓይን ይሸሻሉ።

*

ኤግዚቢሽኑ እሑድ ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ፌበን ለኅትመት የአያቷን ፎቶ ሥራ ቦታዋ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። አባቷ ሲሰጧት «ፍሬሙን እንዳትነኪው» ብለዋት ነበር። መስተዋቱ ግን እያብለጨለጨ ስካነሩን አስቸገረው። አብራት የምትሠራው ሃይሚ ከኋላ ያሉትን ምስማሮች በመቀስ ጫፍ ትነቅል ጀመር።

«አባትሽ ጉድ ያፈላሉ» አለች ሃይሚ።

«አያውቅም። መልሰን እንመታዋለን።»

«እኔ እንኳ በቅሎዋን ላያት ነው። ስንት ዓመት በወሬ ብቻ።»

ካርቶኑ ተነሳ።

በቅሎዋ እጅ ነበራት። ሁለት እጅ፤ የአያቷን ቁርጭምጭሚቶች ከግራና ከቀኝ ጨምድደው የያዙ። ከእጆቹ በላይ ራቁቱን የሆነ ሰፊ ትከሻ፣ ከትከሻው ወደ ደረቱ የወረዱ የአያቷ የተወለወሉ ጫማዎች። ከታች እስከ ጉልበት ጭቃ። ከጀርባቸው የመርከብ ጎን። በአያቷ ሁለት ጉልበቶች መካከል ደግሞ አንድ ወጣት፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል።

«ይሄ ሰውዬ...» አለች ሃይሚ።

«ዝም በይ።»

«ግንባሩን እዪው እንጂ። ሕዝቅኤል ቁርጥ።»

«ሃይሚ፣ ዝም በይ አልኩሽ።»

ሃይሚ የነቀለቻቸውን ምስማሮች መልቀም ጀመረች።

ፌበን ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እሑድ የሚሆነውን አሰበች። ፎቶው ሁለት ሜትር ሆኖ ተሰቅሎ፣ ከፊት የሚቀመጡት ሰዎች ከሥሩ ቆመው ሲያዩ። መጀመሪያ ፎቶውን፣ ከዚያ በሩ አጠገብ የቆመውን ልጅ፣ ከዚያ እንደገና ፎቶውን። አንዱ «ይገርማል፣ ደም አይጠፋም» ሲል። ሕዝቅኤል ደግሞ ያንን ቁጥብ ፈገግታውን ፈገግ ብሎ ሲያልፍ። የምትወደውን ሰው አያት፣ በራሷ አያት ጫማ ሥር፣ በራሷ እጅ አትማ ልትሰቅል ነው?

ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችውና ቆረጠችው። ከወገብ በላይ፣ ልክ ካርቶኑ በነበረበት መስመር።

ለሱ ብላ እንዳደረገችው ለራሷ ሦስት ጊዜ ነገረችው። ሦስት ጊዜ መናገር ለምን እንዳስፈለጋት ግን አልገባትም።

*

ረቡዕ ሕዝቅኤል የመግለጫ ጽሑፎቹን ሊያርም መጣ። ፎቶዎቹ ግድግዳው ላይ በተርታ ተለጥፈዋል። የቡና ጆንያ፣ የመርከብ ጭስ፣ የነጋዴዎች መጋዘን፣ ባለ ጃንጥላ ሴቶች። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እያለፈ፣ በእርሳሱ ነጠላ ሰረዝ እየጨመረ፣ ነጭ ባርኔጣው ጋ ሲደርስ ቆመ።

ብዙ ቆመ። ፌበን ጀርባውን ታያለች። እንዲዞር ፈለገች፣ እንዳይዞርም ፈለገች።

«ባርኔጣው ጥርት ብሎ ወጥቷል» አለ በመጨረሻ።

«ጥሩ አይደል?»

«ጥሩ ነው።» እርሳሱን ኪሱ ከተተ። «አባትሽ ደስ ይላቸዋል።»

ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሁልጊዜ ሲለያዩ ዓይኑ ትንሽ ይዘገያል፤ ፊቷ ላይ የረሳውን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ነው የሚሆነው። ያን ቀን አልዘገየም። ደረጃውን ሲወርድ የእግሩን ድምፅ እስኪጠፋ ሰማችው፤ ከጠፋ በኋላም የምትሰማው መሰላት።

በማግስቱ ሃይሚ ከበሩ እጀታ ላይ የተንጠለጠለ ጃንጥላና አንድ ቡናማ ፖስታ ይዛ ገባች። ፖስታው ላይ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ተጽፏል።

«ወይ ፍርድ ቤት ነው ወይ ሕዝቅኤል ነው» አለች ሃይሚ።

ፌበን ወደ ማተሚያ ማሽኑ ዞር ብላ አነበበችው።

ቁጥር፦ ሕ/ዋ/001

ለወይዘሪት ፌበን ቢንያም
ባለችበት

ጉዳዩ፦ ከልብሽ በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን ስለማሳወቅ

ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው፣ ላለፉት አሥራ አራት ወራት ልብሽ ውስጥ ተመድቤ ሳገለግል ቆይቻለሁ። በቆይታዬ ደስተኛ ነበርኩ፤ ዝውውርም ዕድገትም ጠይቄ አላውቅም። ሆኖም ረቡዕ ያየሁት ፎቶ የተቆረጠ በመሆኑ በምደባዬ ለመቀጠል እንደማልችል እገልጻለሁ።

የተቆረጠው ሰው አያቴ ገመዳ ነው። ፎቶው እኛ ቤትም አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በቅሎዋ በካርቶን እንደተሸፈነች ካወራሽልኝ ቀን ጀምሮ፣ አንቺም አንድ ቀን ያንን ካርቶን ታነሺዋለሽ፣ አንስተሽም ትጠሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። እንዳነሳሽው ከባርኔጣው ጥራት አወቅኩ፤ አልጠራሽኝም። ፌቤ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጪኝ አላልኩሽም። እንዳትቆርጪኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት። እሱንም በአፌ አልነገርኩሽም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው።

ጋምቤላ የአንድ ዓመት የቅርስ ምዝገባ ሥራ አግኝቻለሁ። ውል ፈርሜያለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ።

በእጄ የሚገኘውን ጃንጥላሽን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ሰማያዊው ሹራብሽ ግን «ጠፍቷል» ተብሎ እንዲያዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ሕዝቅኤል ዋቅቶላ ገመዳ

ግልባጭ፦
ለማንም አልተደረገም

ሹራቡ ጋ ስትደርስ ሳቀች። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተሳስቶ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ። ሃይሚ ማሽኑን አስነሳችው፤ ጓደኛዋ ሰው ሳይሰማት እንድታለቅስ።

*

ዓርብ ጠዋት ፌበን ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ወጣች። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን ቀይ ጭቃ አድርጎታል፤ ከባሕር ዛፎቹ ቅጠል አሁንም ይንጠባጠባል። ሁለት ጊዜ ጠይቃ፣ አንድ ጊዜ አዳልጧት፣ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ጋ ደረሰች። አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ወይዘሮ አፀደ ናቸው፣ የሕዝቅኤል እናት።

«እንደምን አደሩ እማማ። ሕዝቅኤል አለ?»

«ሻንጣ ሊገዛ ወርዷል፤ አሁን ይመጣል። አንቺ ከመሥሪያ ቤቱ ነሽ?»

«አዎ» አለች ፌበን። ውሸትም እውነትም ነበር።

«ግቢ ልጄ፣ ጭቃሽ እስኪደርቅ አረፍ በይ። ጫማሽን ተይው፣ አታውልቂ፤ እኛም ቤት ያው ጭቃ ነው።»

ገባች። ዓይኗ ሳይፈልግ አገኘው። ከሰዓቱ ጎን፣ በቀጭን የእንጨት ፍሬም፣ ያው መርከብ፣ ያው ጭቃ፣ ያው ቀና ያለ አንገት። ፎቶው ግን ከላይ ያንሳል። ባርኔጣው የለም። ፊቱም የለም። ከገመዳ ራስ በላይ ምንም የለም። የአያቷ ጫማዎች ብቻ በገመዳ ትከሻ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል።

«የባሌ አባት ናቸው» አሉ ወይዘሮ አፀደ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ገመዳ ይባላሉ። ወደብ ነበር የሚሠሩት።»

«ላያቸው ላይ ያለው ሰውዬስ?»

«እሱን አናውቀውም። ባለጫማው ነው የምንለው። ፍሬሙ አጠረና ወደ ኋላ አጠፍነው።» ጎመናቸውን ሰሃኑ ላይ አራገፉ። «እኚህ አማቴ ዝም ብለው ተሸካሚ አልነበሩም። ጆንያ ማንም ይሸከማል፤ ቢወድቅም ይነሳል። ሰው እንዲሸከሙ የሚመረጡት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ አሉ፣ በወደቡ ሁሉ። እግራቸው የማያዳልጥ። ውሃው ሲጎድል መርከቡ ዳር አይደርስም፤ ያን ጊዜ ሹም ሆነ ነጋዴ በእኚህ ትከሻ ካልሆነ መሬት አይረግጥም ነበር። አንድም ቀን ሰው አልጣልኩም ይሉ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ።»

ፌበን ግድግዳውን እያየች ቆመች። በእነሱ ቤት የሱ አያት በቅሎ ነው፤ በዚህ ቤት የሷ አያት ጫማ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ሁለት ቤተሰብ አንድ ፎቶ ተካፍሎ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ሰው ወደ ኋላ አጥፎ ይኖራል። መሳቅ አማራት። ማፈርም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ልቧን ወጋት፤ በዚህ ቤት ስለዚህ ፎቶ ያፈረ ሰው ጨርሶ አልነበረም። እፍረቱን ያመጣችው እሷ ናት፣ ከቤቷ።

የቆርቆሮው በር ጮኸ። ሕዝቅኤል አዲስ ሻንጣ ተሸክሞ ገባ። ፌበንን አያት።

«እማዬ፣ እኛ ትንሽ ውጪ እንቆማለን» አለ።

*

ከግቢው ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ይጀምራሉ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ ጣሪያዎቹ ከዝናቡ ገና አልደረቁም። ሻንጣው በመካከላቸው ተቀመጠ።

«ቤቴን ማን አሳየሽ?»

«ጠያይቄ ነው። ለደብዳቤህ መልስ አምጥቻለሁ።» ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው።

ዘረጋው። አንድ መስመር ብቻ ናት። «በቁጥር ሕ/ዋ/001 የቀረበው የመልቀቂያ ጥያቄ በቂ ምክንያት ስላልቀረበበት ተቀባይነት አላገኘም።»

ከንፈሩ ሊስቅ ሲል መልሶ ያዘው። «ምክንያቱ በቂ ነው፣ ፌቤ። ቆርጠሽዋል።»

«ቆርጬዋለሁ።»

«አባትሽ ናቸው ያዘዙሽ?»

«አባቴ ፍሬሙን መክፈቴንም አያውቅም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። አንተ እንዳታፍር ብዬ።»

«እኔ?» ሕዝቅኤል ወደ ቤቱ አየ። «እናቴን ሰማሻት አይደል? እኔ በዚያ ፎቶ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት ጓደኞቼን እየጠራሁ አሳያቸው ነበር።»

«አሁን ነው የሰማሁት። እስከ ዛሬ ነግረኸኝ አታውቅም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ማን እንደሆንኩ እያወቅክ፣ ባለጫማው የማን አያት እንደሆነ እያወቅክ፣ ቁጭ ብለህ ስታየኝ። ፈተና ነበር?»

አንድ ቅጠል ሻንጣው ላይ ወደቀ፤ ሕዝቅኤል አነሳው።

«ፈርቼ ነው» አለ። «ብነግርሽ ታዝኚልኛለሽ ብዬ። አባትሽ የተሸካሚው ልጅ ሲሉኝ ምንም አይመስለኝም። አንቺ ግን አንድ ቀን በዚያ ዓይን ብታዪኝ፣ በሐዘኔታም ቢሆን፣ እሱን አልችልም። ረቡዕ ያን ባርኔጣ ሳየው፣ ይኸው አየችኝ አልኩ።»

«እውነትህን ነው። ያን ቀን በዚያ ዓይን ነው ያየሁህ።» ድምጿ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። «ለአንተ ያዘንኩ መሰለኝ። ለካ አባቴንም ፈርቻለሁ፤ የፊት ወንበሮቹንም ፈርቻለሁ። ፍቅር ነው ብዬ ፍርሃቴን ሸፈንኩት። ካርቶን ነው ያደረግኩህ፣ ሕዝቅኤል። እንደ ፍሬሙ ካርቶን።»

«እኛም ያንቺን ሰው አጥፈነዋል» አለ ቀስ ብሎ። «ግድግዳችን ላይ ፊት የለውም። ስሙን ከማኅበሩ መዝገብ ሳገኘው እንኳ ለእናቴ አልነገርኳትም።»

ሁለቱም ከተማውን አዩ። ፌበን ወደሱ ዞረች።

«እሑድ ሙሉውን እሰቅለዋለሁ። አባቴ ፊት። ከዚያ በኋላ መሄድ ከፈለግክ ሂድ።»

«ሰኞ መሄዴ አይቀርም። ፈርሜያለሁ፤ ሥራውንም እወደዋለሁ።» መልሷን የያዘውን ወረቀት አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ። «ልዩነቱ ከአንቺ ሸሽቼ ነው ወይስ ልመለስ ከአንቺ ተነስቼ ነው የምሄደው፤ እሱ ነው።»

ሊነካት እጁን ዘረጋና ጭቃ መሆኑን አይቶ ሊመልሰው ሲል፣ ያዘችው። ጭቃው በመዳፋቸው መካከል ቀዝቅዞ ቆየ፤ ቀስ እያለም ሞቀ።

*

እሑድ፣ በየካ ሚካኤል አቅራቢያ ባለው የኪራይ አዳራሽ፣ አርባ አንዱም አባላት ዘመድ አዝማዳቸውን አስከትለው መጡ። ወንበሮቹ ገና ሲደረደሩ ሰዎቹ ቦታ ቦታቸውን አውቀዋል። ፌበን ከጠዋቱ ጀምሮ አልተቀመጠችም። ትልቁ ፎቶ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው መሐል ላይ ነው። ሕዝቅኤል በሩ አጠገብ፣ ከእናቱ ጎን ቆሟል።

ወይዘሮ አባይነሽ ንግግራቸውን አሳጠሩ፤ ጉልበታቸው ከሦስት ደቂቃ በላይ አይቆምም። «እንግዲህ ግለጪልን» አሏት።

ፌበን ጨርቁን ሳበች።

ሁለት ሜትር ከፍታ። ከላይ ነጭ ባርኔጣ፣ ከታች እስከ ጉልበት ጭቃ፣ በመካከል ሁለት ፊት። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አጭር ነበር፦ «ገመዳ እና ዘረሰናይ፣ ከመርከብ ወደ የብስ። ጋምቤላ፣ 1947 ዓ.ም.»

ከፊት ረድፍ አንድ ሰው አጉተመተመ። ሌላው ወደ አቶ ቢንያም አየ። ከዚያ ሁሉም ወደ አቶ ቢንያም አዩ።

ወይዘሮ አባይነሽ በከዘራቸው ወደ ፎቶው ቀረብ አሉ። «አሁን ገና ወደባችንን አየኋት» አሉ። «ያ ሁሉ ፎቶ ሲወጣ፣ ጭቃው የት ገባ እያልኩ ነበር።»

አቶ ቢንያም ተነሱ። ሰባ ስድስት ዓመት የሚያህል ዝግታ ነበረው አነሳሳቸው። ፎቶው ሥር ሲደርሱ ቆብ አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ፌበን አጠገባቸው ሄደች።

«ካርቶኑን ከፈትሽው» አሉ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ።

«ከፈትኩት፣ አባዬ።»

«በቅሎ አልነበረችም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ ያመጣኋት።» ድምፃቸው ለሷ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ግን አዳራሹ ፀጥ ስላለ ለሁሉም ተሰማ። «አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የገባሁ ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። ልጆቹ አባትህ ምን አለው አሉኝ። ፈረስ ልል ነበር፣ በዛብኝ። በቅሎ አልኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ላውርዳቸው?»

ማንም አልሳቀም። ፌበንን ሊያስቃት የነበረው ነገር ዓይኗን አረጠበው።

«የዚያን ቀን እዚያው ነበርኩ» አሉ። «አባቴ ጭነት ሊፈትሹ ሲወጡ መርከቡ ላይ ይዘውኝ ወጥተው ነበር። ውሃው እየጎደለ ነው፣ ቶሎ ውረዱ ተባለ። ይሄ ሰው አባቴን አደረሳቸውና ተመለሰ። ሁለተኛ የተመለሰው እኔን ሊወስድ ነው። ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጭቃው ይውጠኛል ብዬ እያለቀስኩ ነበር። አንገቱን አቀፍኩት። ‹አጥብቀህ ያዘኝ፣ እኔ ሰው አልጥልም› አለኝ። ጀርባው ይሞቅ ነበር።» ቆባቸውን በእጃቸው አዞሩት። «የሞቀኝን አስታውሳለሁ። ስሙን ግን አልጠየቅኩትም። በኋላም ማንንም አልጠየቅኩም። ይኸው ዛሬ ካንቺ ግድግዳ ላይ አነበብኩት።»

ከዚያ ዞር አሉ። ዓይናቸው የወንበሮቹን ረድፎች አንድ በአንድ አልፎ በሩ ጋ ደረሰ።

«ሕዝቅኤል» አሉ። የተሸካሚው ልጅ አላሉም። «እናትህን ይዘህ ወደዚህ ና። ከእዚያ ምን ይታያችኋል?»

ወይዘሮ አፀደ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መሐሉን መንገድ ተራመዱ። ፎቶው ሥር ሲደርሱ ሽቅብ ብዙ አዩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለጫማውን ፊቱን አዩት።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው» አሉ ለራሳቸው። «እኔ ክፉ ሰው ይመስለኝ ነበር። የፈራ ነው የሚመስለው።»

«ፈርተው ነበር» አሉ አቶ ቢንያም። «ዋና አያውቁም ነበር።»

ፌበን የአባቷን ትከሻ ሲወርድ አየችው፤ ለዘመናት የተሸከሙት ነገር ከላያቸው የወረደ ይመስል። ሕዝቅኤል አጠገቧ ቆሟል። አልተነጋገሩም። በአዳራሹ ሁሉ ፊት፣ በፊተኞቹም በሩ አጠገብ በሚቀመጡትም ፊት፣ እጁን ያዘች።

አባቷ አዩ። እጃቸውን አዩ፣ የልጃቸውን ፊት አዩ፣ የሕዝቅኤልን ግንባር አዩ። ከዚያ ወደ ፎቶው ዞረው፣ ከወይዘሮ አፀደ ጎን ቆመው፣ ባሮ ያን ክረምት እንዴት ቶሎ እንደጎደለ ያወሩላቸው ጀመር።

ፌበን የሕዝቅኤልን ጣቶች በጣቶቿ መካከል ታውቃቸዋለች። ነገ ሰኞ መሆኑን አልረሳችም። ሻንጣው ዳገቱ ላይ ባለው ቤት ታስሮ እንደሚጠብቅም ታውቃለች። ግን ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰኞን ስታስበው አልፈራችውም።